የግራው ፍሬቻ

ደባርቅ የተመደብኩት ለከብት ክትባት ሥራ ነው። ጊዜው የደርግ ዘመን ነው፤ ሰው ከጎረቤቱ ጋር ስለ ዝናብና ስለ እህል ካልሆነ በቀር ብዙ የማያወራበት ጊዜ። እኔ ከማሠልጠኛ ገና የወጣሁ፣ ሚስትም ልጅም የሌለኝ የደብረ ታቦር ልጅ ነበርኩ። ብርድ የማውቅ ይመስለኝ ነበር። ደባርቅ በገባሁ ሰሞን አለማወቄን አሳየችኝ።

ሥራው ደጋና ቆላ ማለት ነው። ዛሬ ዳባት ገበያ ዳር በሬ ስትከትብ ትውላለህ፣ በማግስቱ ሊማሊሞን ወርደህ ድብ ባሕር ትገኛለህ። የደስታ በሽታ የሚሉት የከብት ወረርሽኝ ከገባ ከብቱ እንደ ቅጠል ነው የሚረግፈው፤ ስለዚህ የመድኃኒቱ በረዶ ሳይቀልጥ መድረስ አለብህ። በእግርም በበቅሎም የሚሆን አይደለም። የመሥሪያ ቤታችንን ዕቃ ቤት የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ አንድ ጠዋት ጠርተው ወሰዱኝና ጥግ ላይ ከሸራ ሥር የተቀመጠች ቀይ ሞተር ሳይክል ገለጡልኝ። የአገሩ ሰው ዶቅዶቄ ነው የሚላት። ለብዙ ጊዜ ማንም ስላልነካት መቀመጫዋ ላይ ዶሮ እንቁላል ጥላበታለች።

«ማን ነበር የሚነዳት?» አልኳቸው።

«ካንተ በፊት የነበረው።»

«ተዛውሮ ነው?»

ሽማግሌው ሸራውን እያራገፉ ቀስ ብለው አጠፉት። «እንግዲህ ተዛወረ በለው፤» አሉኝና እንቁላሉን በባርኔጣቸው ይዘው ወጡ።

ዘይት ቀየርኩላት፣ ካንዴላዋን ጠረግሁ፣ ባትሪዋን ከአንድ የጭነት መኪና ሾፌር ዘንድ አስሞላሁ። በእግሬ ደጋግሜ ከረገጥኳት በኋላ ተነሣች። ድምፅዋ ወፍራም ነው፤ ከሩቅ ይታወቃል። የመጀመሪያ ቀን በደባርቅ ዋና መንገድ ሳልፍ ልብ ያልኩት ነገር ይኸው ነው። ሰዉ ድምፁን ሲሰማ ቀና ይላል፤ እኔን ሲያይ ፊቱን ያዞራል። ሱቅ ደጃፍ ቆመው የሚያወሩ ሰዎች ዝም ይላሉ። አንዲት እናት ልጇን እጁን ይዛ ወደ ውስጥ ስታስገባው አየሁ። መጀመሪያ የመንግሥት ሰው መስያቸው ፈርተውኝ ነው ብዬ ነበር። የመንግሥት ሰው መሆኔስ እውነት ነው። ነገር ግን በእግሬ ስሄድ እንዲህ አይሆኑም፤ በሞተሯ ስሄድ ብቻ ነው።

ዳባት መግቢያ ላይ ከመንገዱ ዳር አንድ የቆርቆሮ ቤት አለ። ባለፍኩ ቁጥር ከዚያ ቤት አንዲት ሴት ትወጣለች። አንዳንዴ እጇ ሊጥ ነው፣ አንዳንዴ ልብስ ስታጥብ የቆየች ትመስላለች፣ አረፋው ከክንዷ ይንጠባጠባል። ደጃፏ ላይ ትቆምና ታየኛለች። እጄን አንሥቼ ሰላም ስላት አትመልስልኝም። እስካልፍ ትጠብቃለች፣ ከዚያ ትገባለች።

አንድ ቀን ከዳባት ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ ከብት ስከትብ አንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌ ልጃቸው እየመራቸው መጡ። ሞተሯን ገና አላጠፋኋትም ነበር። ሽማግሌው ድምፁን ተከትለው አጠገቤ ደረሱና ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ትከሻዬን ያዙ።

«እንኳን ለዚህ አበቃህ ልጄ! እንኳን አምላክ አተረፈህ! ሞተ ብለውኝ፣ ይኸው ቤቴ ተቀምጬ ሳነባልህ ከረምኩ እኮ!»

«አባቴ፣ እኔ አዲስ ነኝ። ሌላ ሰው ነኝ።»

ሽማግሌው እጃቸውን ከትከሻዬ አነሡ። ከዚያ ፊቴን ዳሰሱ፤ ግንባሬን፣ አፍንጫዬን፣ አገጬን። እጃቸው ቀዝቃዛ ነበር።

«የሱ ድምፅ ነው እኮ፤» አሉ ወደ ሞተሯ ዞረው። ልጃቸው ደነገጠ፤ ወዲያና ወዲህ አየና ክንዳቸውን ስቦ ይዟቸው ሄደ። በሬያቸውን ሳያስከትቡ ነው የተመለሱት።

በዚያ ምሽት ዕቃ ቤት ጠባቂው ዘንድ ሄድኩ። «አባባ፣ አሁን ይንገሩኝ። የማንን ሞተር ነው የምነዳው?» አልኳቸው።

በሩን ዘጉና ነገሩኝ። ጥሩ ልጅ ነበር አሉ። በዓመት በዓል እንኳ ከብት ታመመብን ካሉት የሚሄድ ነበር። ሚስት አግብቶ ዳባት ነበር የሚኖረው። አንድ ሰሞን ከቆላ ሲመለስ ሊማሊሞ ላይ ጫካ ለገቡት በመብራት ምልክት ይሰጣል የሚል ነገር ተነሣበት። ሊማሊሞ አናት ዋልክፊት ላይ ያሉት ጠባቂ ወታደሮች ከላይ ሆነው መብራቱ ብልጭ ድርግም ሲል አየን አሉ። አንድ ጊዜ ጠርተው አስጠንቅቀው ለቀቁት። ሁለተኛ ሲወስዱት ግን አልተመለሰም።

«ሞቷል ማለት ነው?»

«ሬሳ ያየ የለም። ግን ለቤቱ ‘እንዳታለቅሱ’ ተብሏል። እንዳታለቅሱ ከተባለ ምን ማለት እንደሆነ አንተም አይጠፋህም።»

«እውነት ምልክት ይሰጥ ነበር?»

«እኔ ምን አውቄ ልጄ፤» አሉኝ። «አይተናል ይላሉ።»

ከዚያ ወዲያ ሞተሯ ላይ ስወጣ የሌላ ሰው አልጋ ላይ የምተኛ ያህል ይሰማኝ ነበር። የመሪዋ እጀታ ጎማ በሁለት ወገን ተበልቷል፤ የበላው የሱ መዳፍ ነው። የፍሬን መርገጫዋን የሱ ጫማ አለስልሶታል። ሌላ ሞተር እንዲሰጡኝ ብጠይቅስ ብዬ አስቤ ነበር። ግን ለምን ብባል ምን እላለሁ?

ጥቅምት ካለፈ በኋላ ነው፤ ድብ ባሕር ስከትብ ውዬ ወደ ደባርቅ ስመለስ መሸብኝ። ሊማሊሞን የወጣ ሰው ያውቀዋል፤ መንገዱ ከገደሉ ላይ እንደ እባብ ተጠማዝዞ ነው የሚወጣው። አንዱን ጥምዝ ወደ ቀኝ ዞረህ ሳትጨርስ ሌላው ወደ ግራ ይመልስሃል፤ ከሥርህ ያለፍክበትን መንገድ ታየዋለህ። ፀሐይዋ ጠልቃ ሰማዩ ገና አልጨለመም ነበር። ጉም ከገደሉ ሥር እየተነሣ አንዳንዱን ጥምዝ ይሸፍናል፣ አንዳንዱን ይተዋል። ጉሙ ውስጥ ስገባ የፊት መብራቴ ነጭ ግድግዳ ነው የሚያሳየኝ።

በዚህ መካከል አንዱን የግራ ጥምዝ ስዞር በስተግራዬ ያለው ጉም ቢጫ ሆነ። ጠፋ። እንደገና ቢጫ ሆነ። ከፊቴ ሌላ መኪና የመጣ መስሎኝ ዳር ያዝኩ። የመጣ ነገር የለም። መሪውን ሳቀና ቢጫው ጠፋ። በቀኙ ጥምዝ ምንም የለም። በሚቀጥለው የግራ ጥምዝ ግን እንደገና ጉሙ ቢጫ ሆነ፣ ጠፋ፣ ቢጫ ሆነ፣ ጠፋ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። የግራው ፍሬቻ ነው የሚበራው። ጣቴን ወደ ማብሪያው ሰደድኩት፤ መካከል ላይ ነው ያለው፣ አልተነካም።

እግዚአብሔር ያውቃል፣ ያን ጊዜ ስለ ሽቦ አላሰብኩም። እሱ ከኋላዬ የተቀመጠ ነው የመሰለኝ። አንገቴን ማዞር ፈርቼ ዓይኔን መንገዱ ላይ ተክዬ ወጣሁ። የሚያጋጥመኝን የግራ ጥምዝ እየፈራሁ፣ ከዞርኩት በኋላ የሚመጣውን ደግሞ እየፈራሁ፣ ዋልክፊት አፋፍ ላይ ስደርስ ወታደሮቹ መንገዱን ዘግተው ጠበቁኝ።

«ውረድ! እጅ ወደ ላይ!»

ወረድኩ።

«ለማን ነው ምልክት የምትሰጠው?»

«ለማንም! በራሱ ነው የሚበራው!» አልኩ። ወታደሮቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንደኛው ሳቀ። «ይኸኛውም እንደዚያኛው ነው የሚለው፤» አለ።

ያን ሌሊት ከተማው ጫፍ ባለው የጦር ሰፈር ሲሚንቶ ላይ አደርኩ። እንቅልፍ የሚባል አልመጣም። ጠዋት አዛዡ መቶ አለቃ ዘንድ አቀረቡኝ። ከእኔ ብዙም የማይበልጥ፣ ፊቱ የከሳ፣ ጸጉሩን በሥርዓት የተላጨ ሰው ነው። በቁጣ አልጮኸብኝም። ይህ ይበልጥ አስፈራኝ።

«በዚችው ሞተር ላይ አንድ ሰው ከዚህ በፊት ይህንኑ ሲያደርግ ተይዟል። ታውቃለህ?»

«ሰምቻለሁ ጓድ መቶ አለቃ።»

«በራሱ ይበራል ትላለህ። እንግዲያው አሳየኝ።»

ሞተሯን ከግቢው መካከል በሁለቱ የማቆሚያ እግሮቿ አቁመዋታል። ቁልፉን ከፈትኩ። ምንም የለም። ማብሪያውን ወደ ግራ ገፋሁት፤ ግራው ብልጭ ድርግም አለ። ወደ ቀኝ ገፋሁት፤ ቀኙም እንዲሁ። መካከል ላይ መለስኩት፤ ጠፋ። እንከን የሌለባት ሞተር ናት። መቶ አለቃው ሰዓቱን አየ።

«ደህና ነው የምትሠራው እኮ፤» አለ።

«ጊዜ ይስጡኝ። እንከኑን ካላገኘሁት የፈለጉትን ያድርጉ፤» አልኩት። ይህን ማለቴ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። እኔ ሜካኒክ አይደለሁም። የማሠልጠኛው መምህራችን ካንዴላ መጥረግና ጎማ መለጠፍ ነው ያስተማሩን። ግን ሌላ የምለው ነገር አልነበረኝም።

ከሬዲዮ ክፍሉ ካቻቢቴና ፒንሳ ሰጡኝ። መሬት ላይ ተቀምጬ ጀመርኩ። አምፖሎቹን አንድ በአንድ አወጣሁ፣ ጠረግሁ፣ መለስኳቸው። ፊውዙን አየሁ፤ ደህና ነው። ማብሪያውን ፈታሁት። ውሃ ገብቶበት እርስ በርሱ እየተነካካ ይሆናል ብዬ ነበር፤ ውስጡ ንጹሕና ደረቅ ነው። ብልጭታውን የምትሰጠውን ትንሿን የቆርቆሮ ቁራጭ አነቃነቅኳት፣ ነቅዬ መለስኳት። ምንም ለውጥ የለም። ፍጥነት መለኪያው ላይ ያለችው የፍሬቻ ማሳያ አምፖል መቃጠሏን ግን ያን ጊዜ አወቅሁ። ያቺ ብትሠራ ኖሮ የሚነዳት ሰው ፍሬቻው መብራቱን እፊቱ ያየው ነበር። ስለዚህ ከኔ በፊት የነበረውም አያይም ነበር ማለት ነው። ጉም ካልሆነ በቀር ማን ያሳየዋል?

ወታደሮቹ ክብ ሠርተው ይመለከቱኛል። ፀሐይ ወጥታለች። የነዳጅ ታንኩን ፈትቼ ሳነሣው ከሥሩ የሽቦዎች መጋጠሚያ ታየኝ። መጋጠሚያው በቁስል ፕላስተር ተጠቅልሏል። ነጭ የነበረው ፕላስተር ከአቧራ ብዛት ግራጫ ሆኗል፤ አጠቀላለሉ ግን የለመደ እጅ ነው። የበሬ እግር የምናስርበት መንገድ ነው፤ አንዱ ዙር የሌላውን ግማሽ እየሸፈነ ይሄዳል፣ መጨረሻው ወደ ውስጥ ይታጠፋል። እኔም እንደዚያ ነው የማስረው። እኔ በሠለጠንኩበት ማሠልጠኛ የሠለጠነ ሰው እጅ ነው።

እሱም እንከኑን ፈልጎታል። እንደኔው ተቀምጦ፣ ታንኩን አንሥቶ፣ ሽቦ እየቆጠረ ፈልጎታል። ፕላስተሩን ላጥኩት፤ ከሥሩ ያሉት ሽቦዎች ምንም አልሆኑም። የታመመውን ቦታ ሳያገኝ ጤነኛውን አሽጎ ነው የሄደው።

«ምንድነው?» አለ መቶ አለቃው።

«ከኔ በፊት የነበረው ሰው ጠግኖታል፤» አልኩት። «ግን ቦታው ይህ አይደለም።»

«ቀትር እየሆነ ነው፤» ብቻ አለኝ።

ያን ጊዜ ዓይኔን ጨፍኜ መንገዱን አሰብኩ። የት የት ነው የበራው? ቀጥ ስል አልበራም። በቀኝ ጥምዝ አልበራም። በግራ ነው። ሁልጊዜ በግራ። ታንኩን መለስኩና ብድግ አልኩ።

«ልንዳት ይፍቀዱልኝ። እዚሁ ግቢ ውስጥ።»

«ወዴት ልትሄድባት?» አለና አሰበ። ከዚያ አንድ ወታደር ጠራ። «ከኋላው ተቀመጥ። ከበሩ ካለፈ ምታው።»

ወታደሩ ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ከኋላዬ ተቀመጠ። ከባድ ሰው ነው፤ ሞተሯ ከሥራችን ዝቅ አለች። ግቢውን ወደ ቀኝ ዞርኩት። ምንም። መልሼ ወደ ግራ፣ መሪውን እስከ መጨረሻው ጠምዝዤ፣ በጣም ጠባብ ዙር ዞርኩ።

«በራ!» ብሎ ወታደሩ ጆሮዬ ላይ ጮኸ። «ጓድ መቶ አለቃ፣ በራ! እጁ አልነካውም፣ እያየሁት ነው፣ በራ!»

ሞተሩን አጠፋሁ፤ ቁልፉን ግን አልዘጋሁም። መሪው ወደ ግራ እንደተጠመዘዘ ነው። በጸጥታው ውስጥ ያቺ ብልጭታውን የምትሰጠው ትንሽ ቆርቆሮ ጠቅ ጠቅ ስትል ሁላችንም ሰማናት። የመሪው አንገት ጋ ጎንበስ ብዬ አየሁ። ከመሪው ወደ ታንኩ ሥር የሚገቡት ሽቦዎች በዚያ ጠባብ ቦታ ነው የሚያልፉት። መሪው ወደ ግራ ሲዞርና ከላይ ክብደት ሲጫን ብረቱ ይነክሳቸዋል። ሁለቱ ሽቦዎች የጎማ ሽፋናቸው ተበልቶ መዳባቸው ተነካክቷል። በሁለት እግሯ ስትቆም ግን ምንም አይነካቸውም።

መቶ አለቃው መጣ። ወታደሩ እንዳይወርድ በእጁ ምልክት ሰጠና መሪውን ራሱ ያዘ። ወደ ቀኝ መለሰው፤ ጠፋ። ወደ ግራ አዞረው፤ በራ። ወደ ቀኝ። ወደ ግራ። ስንት ጊዜ እንዳደረገው አላውቅም። የሚያቆም አልመሰለኝም ነበር።

«ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆነችው?» አለኝ በመጨረሻ።

መልሱ ምን ሊያመጣብኝ እንደሚችል አላጣሁትም። «ትናንት» ብል ሁሉም ነገር እዚያው ያልቃል። ግን መዳቡን አይቼዋለሁ።

«ቆይቷል፤» አልኩት። «መዳቡ አረንጓዴ ዝገት ይዟል። ዓመትም ሊሆነው ይችላል።»

መቶ አለቃው መሪውን ለቀቀው። ወደ ቢሮው ሄደና የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚሸፈንበት ጥቁር ናስትሮ ይዞ ተመለሰ። በእጄ ሰጠኝ።

«ሸፍነው፤» አለ። ሸፍኜ ስጨርስ ደግሞ እንዲህ አለኝ፦ «ሞተርህን ይዘህ ውጣ። ሌላ ምንም ነገር ከዚህ ግቢ ይዘህ አትወጣም። ገባህ?»

«ገባኝ ጓድ መቶ አለቃ።»

ወጣሁ። ለዕቃ ቤት ጠባቂው እንኳ አልነገርኩም። ፈርቼ ነበር፤ ፍርሃቴ ደግሞ ተራ ፍርሃት አይደለም፣ ስበላም ስተኛም አብሮኝ ነበር። ዳባት ስሄድ ያቺ ሴት እንደ ልማዷ ትወጣለች። አሁን የዚያ ሰው ሚስት መሆኗ ስለገባኝ ከበፊቱ ይልቅ ከበደኝ። መጀመሪያ ሰሞን ፍጥነት ጨምሬ ማለፍ ጀመርኩ። ከዚያ አንድ ቀን፣ አስቤበትም አልነበረም፣ እጄ ፍሬኑን ያዘው። ደጃፏ ላይ ቆምኩ።

«እንደምን ዋሉ፤» አልኳት።

«እግዚአብሔር ይመስገን፤» አለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋን ሰማሁ። «ይግቡ።»

ሞተሯን እየገፋሁ ግቢዋ ገባሁ። በርጩማ ሰጠችኝ። አልተቀመጥኩም፤ ከተቀመጥኩ የማልናገር መሰለኝ። እንደቆምኩ ሁሉንም ነገርኳት፤ ሊማሊሞን፣ ጉሙን፣ የጦር ሰፈሩን፣ ፕላስተሩን፣ መዳቡን። ስናገር አላቋረጠችኝም። ስጨርስ ግድግዳውን ይዛ ቀስ ብላ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«ነግሮኝ ነበር፤» አለችኝ። «ያኔ መጀመሪያ ጠርተው የለቀቁት ጊዜ፣ ቤት መጥቶ ‘በራሷ ነው የምትበራው መሰለኝ’ አለኝ። እዚሁ አንተ ያቆምክበት ቦታ አቁሞ ሲፈታታት ሰነበተ። እኔን እዚያ ማዕዘኑ ጋ አቆመኝና ‘ዓይንሽን ከፍሬቻው እንዳትነቅይ’ አለኝ። ‘በራ?’ ይለኛል፤ ‘አልበራም’ እለዋለሁ። አንዱን ሽቦ ይነካና ‘አሁንስ?’ ይለኛል፤ ‘አልበራም።’ ቀኑን ሙሉ እንዲሁ። አንድም ጊዜ አልበራም። ማታ ላይ ቀና ብሎ አየኝና እንዳላመንኩት ገባው። እውነትም አላመንኩትም። ከኔ የደበቀው ነገር አለ ብዬ ተቀይሜው ነበር። ከዚያ ወዲያ ስለሷ አንሥቶ አያውቅም። ሲወስዱትም እንደተኳረፍን ነበርን።»

ዝናብ ሊመጣ ይመስል ነፋሱ የቆርቆሮውን ጠርዝ ያንቀጫቅጨዋል።

«አሳየኝ፤» አለችኝ።

«ተጠግኗል እኮ እህቴ። አሁን አይበራም።»

«እንደነበረ አድርገህ አሳየኝ።»

የመቶ አለቃው ቃል ትዝ አለኝ። ከደጅ የሚያልፍ ሰው ቢያየን ምን እንደሚል አሰብኩ። ግን ፊቷን እያየሁ እንቢ ማለት አልቻልኩም። ተንበርክኬ ናስትሮውን በጥፍሬ ላጥኩት። ቁልፉን ከፈትኩ። እሷ ተነሥታ ሄደችና ማዕዘኑ ጋ፣ ያኔ ባሏ አቁሟት የነበረበት ቦታ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ቆመች። እኔ መቀመጫው ላይ ወጣሁ፣ ክብደቴን ወደ ፊት ጣልኩ፣ መሪውን ወደ ግራ ጠመዘዝኩ።

ፍሬቻው ከታች ስለሆነ እኔ በደንብ አይታየኝም። ስለዚህ «በራ?» አልኳት። ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው ምን እንዳልኩ የገባኝ።

ቀና ብዬ አየኋት። ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከትታ ነክሳዋለች። ቢጫው ብርሃን ዓይኗ ላይ ይመጣል፣ ይሄዳል።

«በራ፤» አለች። «በራ። በራ።» ወደ እኔ አልነበረም የምትናገረው።

ከዚያ ማዕዘኑ ላይ ተንሸራታ ቁጭ አለችና አለቀሰች። ልቅሶዋ ድምፅ አልነበረውም፤ ጎረቤት እንዳይሰማ ነጠላዋን አልለቀቀችም። ትከሻዋ ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። እንደዚያ ያለ ለቅሶ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። መሪውን ወደ ቀኝ መልሼ ቁልፉን ዘጋሁና ሽቦውን እንደገና በናስትሮው ሸፈንኩት። አንዲት ጎረቤት ክብሪት ልትበደር ከአጥሩ ወዲያ ስትጣራ ዓይኗን ጠርጋ ወጣች። «ምን ሆንሽ?» ስትላት «ጭስ ነው» አለቻት። ከጓዳዋ ጭስ አይወጣም ነበር።

ስመለስ በደጃፏ ቆማ ሸኘችኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ሞተሯ ስታልፍ መውጣቷን ተወች። እንዳትወጣ ተመኝቼ የነበርኩ ሰው፣ ባዶውን ደጃፍ ሳይ ደግሞ ፍጥነት እቀንሳለሁ።

ከወራት በኋላ ከመቶ አለቃው ጋር ዋልክፊት አፋፍ ላይ ተገናኘን። እኔ ከቆላ ስወጣ እሱ ብቻውን ገደሉን እያየ ቆሟል። እንድቆም ምልክት ሰጠኝ። ቆምኩ። ሞተሯን አላያትም፤ ወደ ታች ጥምዞቹን እያየ ነው የተናገረው።

«ሚስት ነበረችው?»

«አለች፤ ዳባት።»

«ነገርካት?»

ውሸት አልመጣልኝም። «አዎ፤» አልኩት።

«ምን አለች?»

«አለቀሰች።»

ራሱን ነቀነቀ። ነፋሱ የካፖርቱን ጫፍ ያነሣዋል። አሁን ሊያስረኝ ነው ብዬ ስጠብቅ «ሂድ፤ መሽቷል፤» አለኝ። ብዙም ሳይቆይ ወደ ጦር ግንባር ሄደ ሲባል ሰማሁ። ከዚያ በኋላ ያየው ሰው አላጋጠመኝም። እሱን ሳስብ ምን ሊሰማኝ እንደሚገባ እስከ ዛሬ አላውቅም። መሪውን ሲያዞር የነበረው እጁ ነው የሚታየኝ።

እኔም ተዛወርኩ፤ አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ጸጉሬ ሸበተ። ሞተሯን ማን እንደወረሳት አልጠየቅሁም። አንዳንድ ጊዜ ግን መኪና ውስጥ ተቀምጬ፣ ሾፌሩ ወደ ግራ ሊታጠፍ ፍሬቻ ሲያበራና ያ ጠቅ ጠቅ የሚለው ድምፅ ሲጀምር፣ ወሬዬን አቋርጣለሁ። ልጆቼ ምን ሆንክ ይሉኛል።

ገና ሳልሸብት፣ ደርግ በወደቀ በዓመቱ፣ ከዳባት መልእክት ደረሰኝ። ሴትየዋ ያኔ የተከለከለችውን ለቅሶ ልታለቅስለት ነው፣ ካህናቱም ፍትሐት ሊያደርጉለት ነው። ሄድኩ። ግቢዋ በሰው ተሞልቷል። አስከሬን ስለሌለ ኮቱንና የጎማ ጫማውን አልጋ ላይ ዘርግተውታል፤ ሰዉ በዚያ ዙሪያ ደረቱን እየመታ ያለቅሳል። ዓይነ ስውሩ ሽማግሌ ኖረው ይሆን ብዬ ፈለግኋቸው፤ አላየኋቸውም። እሷ ጮኻ አለቀሰች፤ ድምፅዋ እስኪዘጋ።

ከአልጋው ራስጌ ፎቶው አለ። ከዚያ ቀን በፊት መልኩን አይቼው አላውቅም ነበር። ያን ሁሉ ዘመን ታላቄ አድርጌ ነው የማስበው፤ ጠና ያለ፣ ፊቱ የከበደ ሰው። ፎቶው ላይ ያለው ግን ልጅ ነው። ፂሙ እንኳ በቅጡ አልበቀለም። አጠገቤ የቆሙ አንድ ዘመዱ «በምን ታውቀው ነበር?» አሉኝ።

«አንድ ሥራ ላይ ነበርን፤» አልኳቸው።

ቦታ ለቀቁልኝ። ገብቼ ከወንዶቹ ጋር ተቀመጥኩ።